ለማረፍ ሦስት ፕሮፎርማ

ባሌ ጡረታ ከወጣ ሦስት ወር ገደማ ሲሆነው፣ ድሬዳዋ የምትኖረው ልጃችን በቴሌግራም አንድ ማስታወቂያ ላከችልን። ወደ ደቡብ ያለ ሎጅ ነው። ፎቶው ላይ ነጭ በነጭ የለበሱ ባልና ሚስት ሣር ላይ ተጋድመው ሰማይ ያያሉ። ከሥሩ «ስሎው ሆሊዴይ፤ በገጠር እርጋታ ራስዎን ያግኙ» ይላል። ራሴን መቼ እንደጣልኩት ባላውቅም እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ጠዋት ወፍ ማዳመጥ አለ፤ ከሰዓት በኋላ ምንም አለማድረግ አለ፤ ማታ እሳት ዳር ዝም ማለት አለ። ምንም ላለማድረግ የሚጠይቁትን ሒሳብ ሳይ ስልኩን አስቀመጥኩት።

እኔ ጅግጅጋ ተወልጄ ያደግሁ፣ እዚያው የማስተምር ሰው ነኝ። አያቴ በጃንሆይ ጊዜ በወታደርነት መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። ምንም አለማድረግን ከእኛ ከተማ በላይ አውቃለሁ የሚል ካለ ይምጣና ይከራከረኝ። ከምሳ በኋላ ሱቁ ይዘጋል፣ ጫቱ ይቀርባል፣ ባጃጁ ጥላ ፈልጎ ይቆማል፣ ቢሮ የሄደ ባለጉዳይ ወንበር ላይ የተሰቀለ ጃኬት አነጋግሮ ይመለሳል። ከዚህ ከተማ ተነስቶ ዝግ ለማለት ሌላ አገር መሄድ ምን የሚሉት ቅብጠት ነው? ደግሞስ በእኛ ቋንቋ እገሌ አረፈ ሲባል ሰው የሚጠይቀው «የት ሎጅ?» ብሎ ሳይሆን «ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ነው።

ያም ሆኖ ማስታወቂያውን አልሰረዝኩትም። ምክንያቴ ባሌ ነበር።

ባሌ በወጣትነቱ ከወሎ ተመድቦ መጥቶ ዕድሜውን በአንድ የመንግሥት ቢሮ የዕቅድ ክፍል ውስጥ የጨረሰ ሰው ነው። የቢሮው ሥራ ውሃ ነው። እሱ ግን ውሃ ያወጣ ሰው አይደለም፤ ውሃ እንዲወጣ ያቀደ ሰው ነው። ጡረታ የወጣ ዕለት ንግግር ተደርጎለት፣ ጋቢ ደርቦ፣ የእጅ ሰዓት ተሸልሞ ቤቱ ገባ። በማግስቱ ጠዋት ከረባቱን አስሮ ወጣ። «ወዴት ነው?» ስለው «ቢሮ ደረስ ብዬ ልምጣ፣ ያልተረካከብናቸው ነገሮች አሉ» አለኝ። ርክክቡ ሦስት ወር ፈጀ። ኋላ እንደሰማሁት፣ ለካ ከቢሮው በር ፊት ለፊት ያለች ሻይ ቤት ተቀምጦ የሚገባ የሚወጣውን እየጠራ ሪፖርት እንዴት እንደሚጻፍ ያስተምራል። ወጣቶቹ በጓሮ በር መውጣት ጀምረዋል አሉ። አፈርኩ። ከማፈሬ በላይ ግን ተናደድኩ። ትዳራችንን በሙሉ «ጡረታ ስወጣ» እየተባልኩ የጠበቅሁት ሰው፣ ጡረታ ወጥቶም ወደ እኔ አልመጣም።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ቁጭ አድርጌ ነገርኩት። «ጥር ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ገጠር ሄደን አብረን እንሰነብታለን። ቢሮ የለም፣ ሻይ ቤት የለም፣ እኔና አንተ ብቻ። ይኼ ካቃተህ ግን ስንመለስ እኔ ድሬዳዋ ልጄ ጋ እወርዳለሁ። አንተ ርክክብህን ቀጥል።»

ቀልድ መስሎት ፊቴን አየ። ቀልድ አልነበረም። ድሬዳዋ ላይ ስለ መምህራን ዝውውር ሰው እስከማጠያየቅ ደርሼ ነበር።

እሱ ግን ከጠበቅሁት በላይ ደስ አለው። የሚታቀድ ነገር ተገኘ! ዕለቱኑ ወረቀት በአግድም ይዞ በማስመሪያ ሠንጠረዥ አሰመረ። ተራ ቁጥር፣ ዝርዝር ተግባር፣ ፈጻሚ አካል፣ የሚጠበቅ ውጤት። አንደኛ ቀን፣ ዝርዝር ተግባር፦ ማረፍ። ፈጻሚ አካል፦ ባልና ሚስት። የሚጠበቅ ውጤት፦ ያረፉ ባልና ሚስት። ሁለተኛው ቀን ላይ «የአንደኛው ቀን ዕረፍት አፈጻጸም ግምገማ» የሚል ተጽፎበታል።

«ሰብሳቢው ማነው?» አልኩት።

«ተራ በተራ» አለኝ በቁም ነገር።

ቦታ መያዙ ላይ ስንደርስ ደግሞ ያለ ሦስት ፕሮፎርማ ወይ ፍንክች አለ። ዕረፍት የአገልግሎት ግዢ ነው፤ አገልግሎት ያለ ዋጋ ማወዳደሪያ አይገዛም። ሌባ መሆኔን ተጠራጥሮ እንደሆነ ጠየቅሁት። «አሠራር ነው» አለኝ። በዚህ ቃል የታነቀ ስንት ነገር እንዳለ እግዜር ይቁጠረው።

መጀመሪያ የልጃችን ሎጅ ጋ ደወለ። ስልክ ያነሳችው ልጅ በጣፋጭ ድምፅ ስለ ወፎቹና ስለ እርጋታው ስታወራ ቆይታ፣ እሱ ተራው ሲደርስ ማኅተም ያረፈበት የዋጋ ማቅረቢያና የግብር ከፋይ ምስክር ወረቀት እንድትልክለት ጠየቃት። እርጋታዋ በአንድ ጊዜ ብን ብሎ ጠፋ። «ከገቢዎች ነው የሚደውሉት?» አለችው። አይደለም ቢላት አላመነችም። ሥራ አስኪያጅ ልጥራ ብላ እንደሄደች ቀረች።

ሁለተኛው ሸደር ነበር። ሸደር ከእኛ ብዙ የማይርቅ የስደተኞች ካምፕ ያለበት ከተማ ነው፤ ባሌ እዚያ ፔንሲዮን የከፈተ ሰው ያውቃል። ሰውዬው ስልኩን እንዳነሳ «ከየትኛው ድርጅት ናችሁ?» አለ።

«ድርጅት አይደለንም፣ ባልና ሚስት ነን።»

«ለአሰስመንት ነው ለሥልጠና?»

«ልናርፍ ነው።»

ሰውዬው ግራ ገባው። ዕርዳታ ሠራተኛ ሲያስተናግድ የኖረ ሰው ነውና ሸደር ድረስ መጥቶ የሚያርፍ ጤነኛ ሰው አይቶ አያውቅም። በመጨረሻ «ጋሼ፣ ቤታችሁ ሰላም አይደለም እንዴ?» ብሎ ጠየቀው። ባሌ ተቀየመ። እኔ ግን እስካሁን ከደወልንላቸው እውነት የተናገረ ብቸኛው የፔንሲዮኑ ሰው ነው ብዬ አሰብኩ።

ሦስተኛውን እኔ አመጣሁ። አብራኝ የምታስተምር ሶማሌ ጓደኛ አለችኝ። ወንድሟ ከአዲጋላ፣ ከድሮው የባቡር ጣቢያ ከተማ፣ ወጣ ብሎ ከብት ያረባል። ባዶ ክፍል እንዳለው፣ ጥር ላይ አየሩ ቀዝቀዝ እንደሚል ነገረችኝ። ባሌ በይ በይ ቢለኝ እያፈርኩ ዋጋ ጠየቅኳት። ደብተር እያረመች ነበር፤ ቀና ብላ አየችኝ።

«አንቺ! ወንድሜን ሆቴል አደረግሽው? ማርቲ ይከፍላል እንዴ?» አለች። ማርቲ እንግዳ ነው። እንግዳ ከፈለ ማለት ባለቤቱን ሰደበ ማለት ነው።

«እሺ መቼ እንምጣ?»

«ስትመጡ ነዋ።»

«ለስንት ቀን?»

«እስክትሄዱ።»

ይህን መልስ ለባሌ ሳደርስለት እስክሪብቶው ሠንጠረዡ ላይ ቆሞ ቀረ። መነሻ ቀን የለ፣ መድረሻ ቀን የለ፣ ማኅተም የለ። «ይኼማ ፕሮፎርማ አይባልም» አለ። አይባልም። ግን ከሦስቱ «ኑ» ያለን እሱ ብቻ ነበርና ሄድን።

በሐረር አድርገን ድሬዳዋ ልጃችን ጋ አደርን። ከዚያ ጓደኛዬ ያዘጋጀችልን፣ ጢሙን ሂና የተቀባ ጎልማሳ ሾፌር የደወሌውን አስፋልት ይዞ ወሰደን። ደወሌ የጅቡቲ ድንበር ስለሆነ መንገዱን የሞላው ከባድ መኪና ነው። ሰው ሁሉ ዕቃ ለማድረስ ይሮጣል፤ እኛ ሠንጠረዥ ይዘን ለመጋደም እንሄዳለን። ከአዲጋላ በኋላ አስፋልቱን ለቀን አቧራ ውስጥ ገባን።

ገጠሩ እንደ ማስታወቂያው አልነበረም። ሣር የለም። ግራር፣ ድንጋይ፣ ፍየል፣ አንድ ቆርቆሮ ቤት፣ ጎን ለጎን አቃል የሚሉት በሰሌን የተሸፈነ ጎጆ። የጓደኛዬ ወንድም ትንሽ ተናጋሪ፣ ብዙ አቅራቢ ሰው ነው። ሻይ ጠጣን፣ እንጀራ የመሰለውን ላሆህ በላን፣ የግመል ወተት ቀረበልን። ባሌ በዚህ ክልል ያን ያህል ዘመን ሲኖር የግመል ወተትን የሚያውቀው በሪፖርት ብቻ ነበር። አንድ ጣሳ በወግ በወግ ጨለጠ። ቀሪውን ቀን ከግራሩ ጀርባ ሲመላለስ ዋለ። የአንደኛው ቀን ግምገማ ሳይካሄድ ቀረ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎች መጡ። አመጣጣቸውን ሳይ ነገሩ ገባኝ። እዚያ አካባቢ ከጅግጅጋ ሰው ሲመጣ ወይ ሊቆጥራቸው፣ ወይ ሊያስከትባቸው፣ ወይ ሊያስመርጣቸው ነው። ዝም ብሎ ሊቀመጥ የመጣ ሰው አያውቁም። ሰላምታው እንዳለቀ ትልቁ ሽማግሌ በበትራቸው ወደ ሰሜን እያመለከቱ ስለ ቢርካው ነገሩን። ቢርካ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት የሲሚንቶ ጉድጓድ ነው፤ ተሰንጥቆ ውሃ አልይዝ ብሏል።

ያኔ ባሌን ማየት ነበር። የጎበጠው ጀርባው ቀና አለ። ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ እስክሪብቶ እጁ ላይ ተገኘ። «መቼ ተሰነጠቀ? ስፋቱ ምን ያህል ነው? ተጠቃሚው ስንት አባወራ ነው?» እያለ ይጠይቃል፤ ከሠንጠረዡ ጀርባ ላይ ይጽፋል። እሱ ሶማሊኛው ከሰላምታ አያልፍም፤ እኔ ደግሞ ከሰፈር ልጆች ጋር ቋንቋውን አፌን ከፈታሁበት ከአማርኛ እኩል ስለተማርኩት አስተርጓሚ ሆንኩ። ለማረፍ መጥቼ ስብሰባ መሃል ተገኘሁ። ሽማግሌዎቹ ተናግረው ሲጨርሱ እስክሪብቶውን ኪሱ ላይ ሰክቶ፣ «ጉዳዩን ለሚመለከተው አካል አቅርበን ምላሹን እናሳውቃለን በያቸው» አለኝ።

የሚመለከተው አካል! ከዚህ አካል ጋር ትዳሬን ሙሉ በአንድ ቤት ኖሬ ፊቱን አይቼው አላውቅም። የልጃችን ልደት የቀረው እሱ ስብሰባ ስለጠራ ነው። የእናቴ ተዝካር ላይ ባሌ ያልተገኘው ለእሱ ሪፖርት ሲያደርስ ነው። አሁን ደግሞ እዚህ ግራር ሥር ተከትሎን መጣ። ሽማግሌዎቹ አፌን ያያሉ። ውሸቱን በእኔ አፍ ሊሰሙ ነው።

አልዋሽም አልኩ። በሶማሊኛ እንዲህ አልኳቸው፦ «ይህ ሰው ሥራ አቁሟል። ቢሮ የለውም። ሊያርፍ ነው የመጣው። ቃል ቢገባላችሁ አትመኑት።»

 ትልቁ ሽማግሌ ባሌን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና ፊታቸው በፈገግታ ተሞላ። «ሀውልገብ!» አሉ። ሌሎቹም ተቀባበሉት፤ ሀውልገብ፣ ሀውልገብ። ከመካከላቸው አንዱ ተነስተው ትከሻውን ቸብ አደረጉት።

ሀውልገብ ሥራ የጨረሰ ማለት ነው፤ ጡረተኛ። ሶማሌ ቅጽል ሲያወጣ ዙሪያ ጥምጥም አይሄድም። እኛ ሰፈር አንካሳውን በፊቱ አንካሳው፣ ጆሮ ትልቁን ጆሮ ትልቁ ብለው ይጠሩታል፤ እሱም አቤት ይላል። የሚያስቀይም ነገር የለውም። እንዲያውም ቅጽል ያልወጣለት ሰው ገና እንግዳ ነው። እኛ አማሮቹ ነን «አቶ» እና «የተከበሩ» ደርድረን ከኋላ የምንቦጭቀው።

ባሌ ፊታቸው ሲፈታ አይቶ «መልሳችንን ጥሩ ተቀብለውታል» አለኝ። እኔም «በጣም» አልኩት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሻይ እየጠጣን «ይኼ ሀውልገብ የሚሉኝ ምን ማለት ነው?» አለኝ። እውነቱን ብነግረው ያን ጊዜውኑ መኪና ያስጠራል ብዬ ፈራሁ። ሻዬን ፉት አልኩና «ትልቅ ሰው ማለት ነው» አልኩት።

«ትልቅ ሰው?»

«አዎ። የተከበረ።»

ትንሽ አየኝና «እህ» አለ። ሌላ አልጠየቀም። ያን ዕለት ከሰዓት ሾፌሩ ከድሬዳዋ ስኳርና ዱቄት አድርሶልን ተመለሰ።

ከዚያ ወዲያ ሰውዬው ሌላ ሆነ። ጠዋት ሽማግሌዎቹ ከሩቅ «ሀውልገብ!» ብለው ሲጠሩት «አቤት!» ብሎ ሽርጡን እያስተካከለ ይሄዳል። አሸዋ ላይ ጉድጓድ ቆፍረው በጠጠር የሚጫወቱት ጨዋታ አላቸው፤ ይሸነፋል፣ ይሳቅበታል፣ አብሮ ይስቃል። ከሰዓት በኋላ መጥቶ አጠገቤ ይቀመጥና ስለ ፍየሎች ያወራኛል። የትኛዋ ሌባ እንደሆነች፣ የትኛዋ ልጇን እንደማታጠባ። ስልኩ መስመር ባይኖረውም ግድ አልሰጠውም። ሠንጠረዡን አስተናጋጃችን እሳት ሲያቀጣጥልበት አይቶ ምንም አላለም።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አልተዋጠልኝም። ምስጢሩ ገብቶኛል ብዬ ነበርና። ማዕረግ አገኘ፤ ለዚህ ነው የረጋው። ትልቅ ሰው፣ የተከበረ። ሹመት ካልሰጡት አንድ ቀን በሰላም የማይውል ሰው! እኔ አጠገቡ ስለተቀመጥኩ አይደለም፤ ፍየሉም ግራሩም አይደለም። ግራር ሥርም ወንበር አግኝቶ ነው። ጅግጅጋ ስንገባ ደግሞ «ሀውልገብ» የሚለው ስለሌለ ቀጥ ብሎ ወደ ሻይ ቤቱ ነው። አጠገቤ ተቀምጦ ስለ ሌባዋ ፍየል ሲያወራ እያዳመጥኩ በሆዴ ድሬዳዋ ለመውረድ ቆረጥኩ።

የምንሄድበት ቀን ራሱ መጣ፤ ትምህርት ሊከፈት ሆነ። ሽማግሌዎቹ ሊሸኙን ወጡ። ስለ ቢርካው ማንም አላነሳም። ሾፌሩ መጥቶ ዕቃችንን ጫነልንና ተነሳን። እኔ መንገዱን ሙሉ ለባሌ ምን ብዬ እንደምነግረው በልቤ እያዘጋጀሁ ነበር። ብዙ የሚያምም ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ በዚህ በኩል አልታማም።

ድሬዳዋ ልንገባ ስንል ኬላው ላይ አስቆሙን። ፖሊሱ መታወቂያ ጠየቀ። እንደ ልማዱ የቢሮውን ካርድ ያወጣል ብዬ ስጠብቅ የቀበሌውን አወጣ። ፖሊሱ አገላብጦ አየና ሥራ የሚለው መስመር ላይ ጣቱን አሳርፎ በሶማሊኛ «ሥራህ ምንድን ነው?» አለው።

ላስተረጉምለት አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«ሀውልገብ» አለ።

አላመነታም፣ ድምፁም አልተሰበረም። ፖሊሱ እሺ ብሎ መታወቂያውን መለሰለት፤ መኪናው ተንቀሳቀሰ።  ሰው በማያውቀው ቃል እንዲህ አይመልስም።

«ማን ነገረህ?» አልኩት።

«ሾፌሩ። ዕቃ አድርሶልን ሲመጣ ጠየቅሁት፤ አንቺ በነገርሽኝ ዕለት።»

ሾፌሩ ሶማሌ ቢሆንም አማርኛ እንደሚችል ረስቼው ነበር። አይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ ጢሙን አሻሸ።

«እና ያን ሁሉ ቀን እያወቅህ ነው አቤት የምትለው?»

«ምን ልበል ታዲያ? ነኝ እኮ።» ወደ መስኮቱ ዞረ። «ጡረታ ወጣህ ብሎ ፊት ለፊት የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቢሮም ጋቢ አልብሰው ሸኙኝ እንጂ እንዲህ አላሉኝም። አንቺም አላልሽኝም።»

ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ከአፌ ጠፋ። ዝም ብል ይሻለኝ ነበር፤ ግን መቼም እኔ ነኝና አንድ ነገር ከነከነኝ።

«ትልቅ ሰው ማለት ነው ስልህ ግን ለምን አላመንከኝም? ውሸቴን እንደሆነ በምን አወቅህ?»

ዞሮ አየኝ። ቂም የለበትም፤ ያ ነው የባሰብኝ።

«ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ኖረን አንድ ቀን ትልቅ ሰው ብለሽኝ አታውቂም» አለኝ። «እና በድንገት ስትይኝ፣ ይኼ ቃል ሌላ ነገር መሆን አለበት አልኩ።»

ድሬዳዋ ገባን። የልጃችን ቤት መታጠፊያ ጋ ስንደርስ ሾፌሩ ዝግ አለና በመስታወቱ አየኝ። ባሌም አየኝ። ሾፌሩ ልታጠፍ ወይ ነው የሚለኝ፤ ባሌ ግን እዚህ ትቀሪያለሽ ወይ ነው።

«ለምሳ ብቻ ነው» አልኩ፤ «ሁለታችንም እንወርዳለን፣ ከዚያ ወደ ቤታችን።»